ያለ ፈቃድ የተሣለ ፊት፦ ጥበብ ነው ወይስ ጥፋት?

ጥያቄ፦ «ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ አንድ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ባለ የድሮ ጡብ ግድግዳ ላይ ሌሊት በስፕሬይ ሲሥል ፖሊስ ያዘው። የሣለው እዚያ ማቆሚያ ለዓመታት የሠሩ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ፊት ነው። እውነቱን ለመናገር ሥዕሉ ያምራል። ሰው ቆሞ ፎቶ ያነሣዋል። አባቱ ግን ‹ዱርዬ ሆኖ አረፈው› ብሎ አኩርፎታል። ልጁ ደግሞ ‹ይሄ የሕዝብ ጥበብ ነው፤ ዝነኛው የግድግዳ ሠዓሊ ባንክሲም የሚሠራው ይህንኑ ነው› ይላል። ማንኛቸው ናቸው ልክ? እኔስ ምን ላድርግ?» ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉ እናት

መልስ፦ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ባለቤትዎ ጥፋት ከሆነ ጥበብ አይደለም ይላሉ። ልጅዎ ጥበብ ከሆነ ጥፋት አይደለም ይላል። ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሥዕል በአንድ ጊዜ ጥበብም ጥፋትም ሊሆን ይችላል። የልጅዎ ሥዕል፣ እንደገለጹልኝ ከሆነ፣ ሁለቱም ነው። የሕዝብ ጥበብ ግን አይደለም። ቢያንስ ገና አልሆነም።

ብዙ ሰው «የሕዝብ ጥበብ» ሲባል መንገድ ዳር የሚታይ ሥዕል ሁሉ ይመስለዋል። መታየቱ ብቻ የሕዝብ አያደርገውም። የሕዝብ ጥበብ ከሥዕሉ በፊትም በኋላም ኃላፊነት የሚወስድ ሰው አለው። የግድግዳው ባለቤት እሺ ብሏል። ጎረቤት ምን እንደሚሣል ሰምቷል፤ ካልተስማማም የሚናገርበት ቦታ አግኝቷል። ቀለሙ ሲላጥ ማን እንደሚጠግነው ይታወቃል። ቅሬታ ያለው ሰው የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል። ሌሊት ተሥሎ ጠዋት የተገኘ ሥዕል ከነዚህ አንዱም የለውም። የቱንም ያህል ቢያምር፣ አንድ ሰው ብቻውን ወስኖ ለሁሉም ያደረገው ነገር ነው።

ፈቃድ ብቻውንም አይበቃም። ኒው ዮርክ ፌዴራል ፕላዛ ላይ በ1981 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሴራ የሚባል ቀራፂ 36 ሜትር ገደማ የሚረዝም የብረት ግድግዳ አቆመ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያዘዘው ራሱ መንግሥት ነበር። ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነው። በየቀኑ እዚያ የሚመላለሱ ሠራተኞች ግን መንገዳችንን ዘጋብን፣ አደባባያችንን ቀማን አሉ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በ1989 ብረቱ ተቆራርጦ ተነሣ። የተፈቀደ ነበር፤ የሕዝብ ግን አልሆነም።

እዚሁ ዲሲ ደግሞ የበለጠ ቅርብ ምሳሌ አለ። በ2020 ሰኔ ወር ላይ ከተማዋ ራሷ 16ኛው መንገድ ላይ «ብላክ ላይቭስ ማተር» (የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው) የሚለውን በትልልቅ ቢጫ ፊደል አስጻፈች። በማግሥቱ ሰልፈኞች እዚያው አጠገብ፣ በዚያው ቢጫ ቀለም፣ ስለ ፖሊስ በጀት የራሳቸውን መፈክር ጨመሩበት። አንዱ ከተማው ያዘዘው፣ ሌላው ማንም ያላዘዘው። ቀለም አንድ፣ አስፋልት አንድ። የሰልፈኞቹ ጽሑፍ ቀደም ብሎ ጠፋ። የከተማዋም ቢሆን በ2025 መጋቢት ላይ ከተማዋ ራሷ ቆፍራ አነሣችው። ልጅዎ «ፈቃድ ቢኖረኝ ለዘላለም ይኖር ነበር» ብሎ የሚያስብ ከሆነ ይህንን ያሳዩት። ፈቃድ ዘላለማዊነት አይሰጥም። የሚሰጠው ጠያቂና ተጠያቂ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። እኔ የግድግዳ ሥዕል ጠጋኝ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። በሙያዬ ምክንያት ግን ማወቅ ያለብኝን አውቃለሁ። ሕጉ «ያምራል ወይስ አያምርም?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «የማን ግድግዳ ነው? ባለቤቱ ፈቅዷል?» ብቻ ነው። ሰው ፎቶ ማንሣቱ፣ ሥዕሉ ሰውን ማክበሩ፣ ልጁ ጎበዝ መሆኑ ክሱን አያስቀርም። ምናልባት ዳኛውን ሊያለዝብ ይችላል። በዲሲ የንብረት ጉዳቱ 1,000 ዶላር ከደረሰ ጉዳዩ ወደ ከባድ ወንጀል ክስ ሊያድግ ይችላል። የጡብ ግድግዳ በትክክል ለማጽዳት ደግሞ 1,000 ዶላር ብዙ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን «የልጅ ጨዋታ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

የፈቃድን ዋጋ በደንብ የሚያሳዩት ሁለት የኒው ዮርክ ፍርዶች ናቸው። በ1990 የወጣ አንድ የፌዴራል ሕግ አለ። የሥዕልና የቅርፃ ቅርፅ ባለሙያዎች ሥራቸው እንዳይበላሽ ወይም እንዳይጠፋ የመከራከር መብት ይሰጣቸዋል። በ1997 ማንሃተን ውስጥ አንድ የሰፈር አትክልት ቦታ ላይ ሥዕል የሠሩ አርቲስቶች በዚህ ሕግ ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ ግን አልተቀበላቸውም። ያለ ፈቃድ በሰው ንብረት ላይ ያረፈና ሳይበላሽ ሊነሣ የማይችል ሥራ ይህ ሕግ አይጠብቀውም አለ። ሌላው ኩዊንስ ውስጥ የነበረው «ፋይቭ ፖይንትዝ» ነው። የድሮ ፋብሪካ ነበር፤ ባለቤቱ በፈቀደላቸው መሠረት የስፕሬይ ሠዓሊዎች ለዓመታት ግድግዳውን ሞሉት። በ2013 ባለቤቱ ሕንፃውን ሊያፈርስ አስቦ ሌሊቱን ሙሉ ነጭ ቀለም አስቀባው። ሠዓሊዎቹ ከሰሱት። በ2018 ዳኛው ለ45 ሥዕሎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈላቸው ፈረደ። ይግባኙም በ2020 ፍርዱን አጸናው።

ሁለቱም ቦታ ጥበብ ነበር። በ1997ቱ ጉዳይ ግን የፈቃድ ጉድለት አርቲስቶቹን ባዶ እጃቸውን አስቀራቸው። በፋይቭ ፖይንትዝ ደግሞ የግድግዳው ባለቤት ራሱ ሥዕሎቹን ሲያጠፋ ከፈለ። ልጅዎ ሥራው እንዲከበር የሚፈልግ ከሆነ ፈቃድ ጠላቱ አይደለም። ጋሻው ነው።

ስለ ባንክሲ። ይህ ክርክር ከየልጁ አፍ ስለማይጠፋ በአጭሩ ልመልሰው። እንግሊዝ አገር ክላክተን በሚባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ በ2014 ባንክሲ ወፎች ሣለ። አንድ ሰው ሥዕሉ ዘረኛ ነው ብሎ አመለከተ፤ የከተማው አስተዳደር ወዲያው አጠፋው። ማን እንደሣለው ሲያውቁ ግን ተመልሶ ቢመጣ ደስ ይለናል አሉ። ሥዕሉ አልተለወጠም። የተለወጠው ስሙ ነው። ልጅዎ ስም የለውም። ስም የሌለው ሰው በዚያ መንገድ ሲሄድ የሚጠብቀው ጋለሪ ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያ ነው። እሱም አይቶታል። በዚያው ዓመት ፎክስቶን በምትባል ከተማ ሌላ የባንክሲ ሥዕል አንድ የጨዋታ ቤት ግድግዳ ላይ ተገኘ። ተከራዮቹ ግድግዳውን ቆርጠው ለሽያጭ አሜሪካ ላኩት። በ2015 የለንደን ፍርድ ቤት የተቆረጠው ግድግዳ የሕንፃው ባለቤት ንብረት ነው ብሎ ወሰነ። ልብ ይበሉ። የተከራከሩት የአከራዩን መብት የተረከበ ድርጅትና ተከራዩ ናቸው። ሠዓሊው በክርክሩ ውስጥ የለም።

የልጁ አባት ደግሞ ይህንን ይስሙ። ያለ ፈቃድ የተሣለ ሁሉ ተጠርጎ አይቀርም። ኪት ሄሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1986 ኒው ዮርክ፣ ሀርለም ውስጥ አንድ የመጫወቻ ሜዳ ግድግዳ ላይ «ክራክ ኢዝ ዋክ» (ክራክ ከንቱ ነው እንደማለት) የሚለውን ሥዕል ሠራ። ክራክ የተባለው አደንዛዥ ዕፅ ሰፈሩን ያቃጥል ነበር። ሄሪንግ ማንንም አላስፈቀደም። ተያዘ፣ ተቀጣም። የመጀመሪያው ሥዕል ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ያኔ ግን የከተማው የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት ራሱ ጠርቶ እንደገና እንዲሥለው ፈቀደለት። ዛሬም አለ፤ እየታደሰም ይጠበቃል። «ገና አልሆነም» ያልኩት ለዚህ ነው። የሕዝብ ያደረገው ሌሊቱ አይደለም። በኋላ የመጣው እሺታ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሰው ነው። ማንም የማያነሣው ግን ግድግዳው ነው። የእኔ ሥራ እዚያ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ስፕሬይ ቀለም አራት ነገር ነው። ቀለሙ ራሱ፣ የሚያጣብቀው ሙጫ፣ የሚያቀጥነው ማሟሟያና የሚገፋው ጋዝ። ቆርቆሮ ላይ ወይም ቀድሞ የተቀባ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ከላይ ይቀመጣል። ሌላ ቀለም ከላዩ ይቀባል፣ ነገሩ ያልቃል። ያልተቀባ የድሮ ጡብ ግን እንደ ስፖንጅ ነው። ማሟሟያው ቀለሙን ተሸክሞ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ማሟሟያው ተንኖ ይሄዳል፤ ቀለሙ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢታጠብ ጥላው አይለቅም። እምነ በረድና የአሸዋ ድንጋይም እንዲሁ ናቸው። በ2013 አንድ ሰው ሊንከን መታሰቢያ ላይ አረንጓዴ ቀለም ሲረጭ፣ በአንድ ጊዜ እጥበት አልለቀቀም ነበር። ደጋግመው ነው ያከሙት።

የባሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀለሙ አይደለም፤ ከማጽዳቱ ነው። አንድ ጊዜ የተጠራሁበት ሕንፃ ትዝ ይለኛል። ባለንብረቱ ያለ ፈቃድ ግድግዳው ላይ በተሣለ ግራፊቲ ተናድዶ በአሸዋ ግፊት አስጠርጎት ነበር። ቀለሙ ሄዷል። ግን የጡቡም ቆዳ አብሮ ሄዷል። ጡብ ሲተኮስ ውጪው ጠንካራ ይሆናል፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። ያ ቆዳ አንዴ ከተገፈፈ ውሃ ይገባል። ክረምት ላይ ውሃው በረዶ ይሆናል፣ ይለጠጣል፣ ጡቡን እየፈረፈረ ያወጣዋል። ያንን ግድግዳ መመለስ አልቻልኩም። ማንም አይችልም። ፓርኮችንና ታሪካዊ ቦታዎችን የሚጠብቀው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ፣ በ1995 ባወጣው መመሪያ ይህንን አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ለድሮ ጡብ መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ትንሽ መሞከር ነው። ከዚያ በጣም ከለዘበው ዘዴ መጀመር። የጠለቀውን ቀለም ለማውጣት ማሟሟያውን ከሸክላ አፈር ጋር እንደ ጭቃ ለውሶ ለጥፎ ማቆየት፤ እየደረቀ ሲሄድ ቀለሙን ወደ ራሱ ይስባል። የሽቦ ብሩሽ፣ አሸዋ፣ ከባድ የውሃ ግፊት፣ አሲድ በፍጹም።

ሥዕሉ ይቆይ ቢባልም ግድግዳው ሌላ ችግር አለው። የዲሲ የድሮ ጡብ ቤቶች ብዙዎቹ በኖራ ማያያዣ የተገነቡ ናቸው። እነዚህ ግድግዳዎች ይተነፍሳሉ። ከውስጥ የሚመጣ እርጥበት በጡቡና በኖራው በኩል ይወጣል። ላዩ ላይ ወፍራም፣ እንደ ፕላስቲክ የሆነ ቀለም ሲያርፍበት እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ቀለሙ ይላጣል፤ አንዳንዴ የጡቡን ፊት ይዞ ነው የሚላጠው። ስለዚህ የጥፋቱ ልክ በሥዕሉ ውበት አይለካም። በግድግዳው ዓይነት ነው። ኮንክሪት አጥር ላይ የተሣለ አስቀያሚ ሥዕል በአንድ ባልዲ ቀለም ይስተካከላል። የመቶ ዓመት ጡብ ላይ ያረፈ ድንቅ ሥዕል ግን የማይመለስ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ልጅዎ ይህንን አያውቅም ነበር። አሁን ይወቀው።

ባለቤትዎ «ዱርዬ» ያሉት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው ግድግዳ ላይ ጭረት ሲያይ ሰፈሩ የተጣለ ይመስለዋል። ይህ ስሜት ብቻ አይደለም። በ2008 የታተመ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት፣ ግሮኒንገን ከተማ ውስጥ ብስክሌት በሚቆምበት መተላለፊያ ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። ብስክሌቶቹ ላይ ወረቀት አንጠለጠሉ። ግድግዳው ንጹሕ ሲሆን ወረቀቱን መሬት ላይ የጣለው 33 በመቶ ነበር። ግድግዳው ሲሞነጫጨር 69 በመቶ ሆነ። ነገር ግን ጥናቱ የተጠቀመው ተራ ጭረት ነው። ፊት ላይ የለፋ ሠዓሊ ሥዕል አይደለም። ስለዚህ «ግራፊቲ ወንጀል ይጠራል» ብሎ ሁሉንም በአንድ ማቅ መክተት ጥናቱ ያላለውን ማስባል ነው።

ስም ብቻ የሚጽፉትንም ቢሆን በችኮላ አልፈርድባቸውም። በ80ዎቹና በ90ዎቹ የዲሲን ሜትሮ ቀይ መስመር የተሳፈረ ሰው «ኩል ዲስኮ ዳን» የሚለውን ጽሑፍ ያስታውሳል። አንድ ጥቁር የዲሲ ልጅ ነው በየግድግዳው የጻፈው። ከተማው ለዓመታት ሲያጠፋው ኖረ። በ2013 ግን ኮርኮራን ጋለሪ ስለዚያ ዘመን ዲሲ ባዘጋጀው ትልቅ ዐውደ ርእይ ውስጥ ቦታ አገኘ። በ2017 ሲሞት ከተማው እንደ ራሷ ልጅ አለቀሰችለት። ይህን የማነሣው ጥፋቱ ጥፋት አልነበረም ለማለት አይደለም። ልጆች ስማቸውን ግድግዳ ላይ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ሌላ የሚጻፍበት ቦታ ስላላገኙ ነው። የእርስዎ ልጅ ደግሞ የራሱን ስም እንኳ አልጻፈም። ሰው በየቀኑ ቁልፍ እየሰጠ ቀና ብሎ የማያየውን የአንድ አባት ፊት ነው የሣለው። ይህ ልጅ ዓይን አለው። አባቱ ይህን ቢያይለት ደስ ይለኛል።

አንድ ቦታ ላይ ግን የፈቃድ ሕጌ አይሠራም። መደበቅ አልፈልግም። ግድግዳው የጨቋኙ ሲሆን ማንን ነው የሚያስፈቅዱት? ከ2011 ዓመፅ በኋላ ካይሮ መሐመድ ማሕሙድ ጎዳና ላይ ወጣቶች የሞቱ ጓደኞቻቸውን ፊት ሣሉ። በ2012 አስተዳደሩ ቀለም ቀብቶ አጠፋው፤ ሠዓሊዎቹ በዚያው ሰሞን ተመልሰው ሣሉበት። እኛም አገር በቀይ ሽብር ዘመን ሌሊት መፈክር ይጻፍ ነበር። ቀለምና ብሩሽ ይዞ መገኘት ሕይወት ያስከፍል ነበር። እነዚህን «ንብረት አበላሹ» ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ልዩነቱን እናስተውል። እነሱ የጻፉት ሌላ መናገሪያ ስላልነበራቸው ነው። ዋጋውንም እያወቁ ነው የገቡበት። ዲሲ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ አጠገብ ያለ የግል ቤት ግድግዳ እንደዚያ አይደለም። ባለቤቱን ማግኘት ይቻላል። በር አንኳኩቶ «አባባን ልሣላቸው?» ማለት ይቻል ነበር። እምቢ ቢሉት ሌላ ግድግዳ አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ምክሬ ይህ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

መጀመሪያ ጠበቃ። የወጣቶችን ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ያግኙ። በቤታችሁ ዜግነት ያልወሰደ ሰው ካለ፣ በተለይ ልጁ ራሱ ካልወሰደ፣ ያንን ለጠበቃው በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት። ትንሽ የምትመስል ጥፋት የኢሚግሬሽን ወረቀት ላይ ትልቅ ልትሆን ትችላለች። ጠበቃው ሳያውቅ ወደ ግድግዳው ባለቤት ሽማግሌ እንዳትልኩ። በእኛ ልማድ ይቅርታ መጠየቅ ነገር ያበርዳል። እዚህ አገር ግን ያለ ጊዜው የተነገረ «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ» እንደ ማስረጃ ሊቀርብ ይችላል። ልጁም ስለ ሥዕሉ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላይ ምንም አይለጥፍ። ቀድሞ የለጠፈውን ደግሞ ጠበቃው ሳይናገር አይሰርዝ።

ጠበቃው ሲፈቅድ ወደ ግድግዳው ባለቤት ይሂዱ። ልጁ ራሱ ይናገር። እርስዎ አይናገሩለት። ሥዕሉን ለመከላከል አይሂድ። «ሳላስፈቅድዎ ግድግዳዎን ነክቻለሁ፣ እንዲጠፋ ከፈለጉ ወጪውን እሸፍናለሁ» ይበል። በገዛ እጁ እንዲያጸዳ ግን አትፍቀዱ። ያልተቀባ ጡብ ነው፤ በቅን ልብ የባሰ ሊያበላሸው ይችላል። የዲሲ ከተማ የግል ግድግዳ ላይ ያለ ግራፊቲንም ባለቤቱ ሲፈርም ያነሣል። ጡቡ የድሮ መሆኑንና ያለ አሸዋ መታከም እንዳለበት ግን አስቀድሞ ይነገራቸው። ባለቤቱ «ይቆይ» ካሉ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን። ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚጠግነው፣ ቤቱ ቢሸጥ ምን እንደሚሆን ይጻፍበት። አንድ ገጽ ይበቃል። በቃል የተባለ እሺታ ባለቤት ሲለወጥ ይጠፋል።

ሦስተኛው የልጁ እጅ ነው። ስፕሬዩን ወርውራችሁ፣ ብላክቡክ የሚሉትን የንድፍ ደብተሩን ቀዳችሁ እንዳትጥሉ። ያ ልጁን ከግድግዳ አያስቀረውም። ከእናንተ ነው የሚያስቀረው። ይልቅ በር ያለው ቦታ ውሰዱት። ዲሲ ከ2007 ጀምሮ «ሙራልስ ዲሲ» የሚባል የከተማ ፕሮግራም አላት። ሕገ ወጥ ግራፊቲ የሚበዛባቸውን ግድግዳዎች በባለቤት ፈቃድ ለሠዓሊ ይሰጣል። እስካሁን ከ100 በላይ ግድግዳ ሠርተዋል። የፊላደልፊያው ደግሞ የዚህ ሁሉ ታላቅ ወንድም ነው። በ1984 ከንቲባ ዊልሰን ጉድ የግራፊቲ ልጆችን ለመሰብሰብ ያቋቋሙት ፕሮግራም፣ ጄን ጎልደን የምትባል ሠዓሊ እጅ ገብቶ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር የግድግዳ ሥዕል ያለው ተቋም ሆኗል። የጀመሩት በግራፊቲ የተያዙ ልጆችን ይዘው ነው። እንደ እርስዎ ልጅ ያሉትን።

ከፊላደልፊያ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። እነሱ ብዙውን ሥዕል ግድግዳ ላይ አይሥሉም። ቀጭን ጨርቅ ላይ ቤት ውስጥ ይሥሉና በኋላ ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ሳቄ መጣ። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ለዘመናት የሠሩት ይህንኑ ነው! ብዙዎቹ የአብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎቻችን ሸማ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ልጅዎ ይህንን ቢያውቅ ደስ ይለዋል ብዬ አስባለሁ። ለድሮ ጡብ ግን ጨርቁንም በቀጥታ አልለጥፍበትም። ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የሚታሰር ሰሌዳ ላይ መሥራት ይሻላል። ግድግዳው ይተነፍሳል፤ ሥዕሉም አንድ ቀን መነሣት ካለበት ሳይጎዳ ይነሣል። የቤቱ ባለቤት እምቢ ካሉት ግድግዳ ይልቅ ሰሌዳን በቀላሉ እሺ ይላሉ። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ያሳሰበኝ ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ አባትየው አሉ፣ ልጁ አለ፣ ፖሊሱ አለ፣ ፎቶ የሚያነሡት ሰዎች አሉ። ፊታቸው የተሣለው እኚያ አባት ግን ምን አሉ? ማንም የጠየቃቸው አልመሰለኝም። ቀጣሪያቸው ቅር ብሎት ይሆናል። ስለ ሥራቸው፣ ስለ ወረቀታቸው የሚያሰጋቸው ነገር ሊኖር ይችላል። ወይም ኩራት ተሰምቷቸው ለቤተሰቦቻቸው ፎቶውን ልከው ይሆናል። አናውቅም። ስለ ክሱ ምን ማንሣት እንደሌለበት ጠበቃው ይንገረው፤ ከዚያ ልጁ ሄዶ አጠገባቸው ይቀመጥና ይጠይቃቸው። የግድግዳው ባለቤት «ይቆይ» ቢሉ እንኳ እኚያ አባት «ይጥፋ» ካሉ፣ ይጥፋ።